የሬዲዮን ጫጫታ ጸጥ ያደረገው ሰው፦ የኤድዊን አርምስትሮንግ የሕይወት ታሪክ

ለዘንድሮው መጽሔታችን ያቀረብኩላችሁ በየቤታችን የሚሰማው ሬዲዮ ባለውለታ የሆነ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ኤፍ ኤም አዲስን ለመስማት ስንፈልግ 97.1 ላይ እናቆማለን። ይህ ቁጥር የጣቢያው ሞገድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል ማለት ነው። ዜናውም ዘፈኑም ሳይንጫጫ ጥርት ብሎ የሚደርሰን ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ በተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ልፋት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አርምስትሮንግ ዲሴምበር 18 ቀን 1890 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ባደረበት ሕመም ትከሻውና ፊቱ ያለ ፈቃዱ ይንቀጠቀጡ ስለ ነበር ለሁለት ዓመት ያህል ቤት ውስጥ ተማረ። ስለዚህም ብቸኝነትን የለመደ፣ ዝምተኛ፣ በእጅ ሥራ ግን ደከመኝ የማይል ልጅ ሆነ። ዮንከርስ በሚባለው ከተማ በወላጆቹ ግቢ 38 ሜትር የሚያህል የአንቴና ምሰሶ አቁሞ፣ እስከ ጫፉ በገመድ እየወጣ ይሠራ ነበር።

በ1912 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ትልቁን ነገር አገኘ። በዚያ ዘመን የሬዲዮ ድምፅ እጅግ ደካማ ነበር። እሱም ከቫልቩ የወጣውን ኤሌክትሪክ መልሶ ወደ መግቢያው ሲሰደው ድምፁ በብዙ እጥፍ ጎላ። የሚመለሰው መጠኑን ሲያልፍ ግን ቫልቩ ራሱ መወዛወዝ ጀመረ። በሠርግ ድንኳን ማይክሮፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚያፏጨው እኮ በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው በራሱ የሚወዛወዝ መሣሪያ ኦሲሌተር ይባላል፤ ማሰራጫ ጣቢያዎችም ሞገዳቸውን የሚያመነጩት በዚሁ ነው።

አባቱ ትምህርቱን ሳይጨርስ ለፈጠራ መብት ማስመዝገቢያ ገንዘብ አልሰጥም ስላሉት፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1913 የመሣሪያውን ሥዕል በውል አዋዋይ ፊት አስመሰከረ። የመብት ማመልከቻውን ያስገባው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ነው። ከዚያም ሊ ደ ፎረስት የተባለ ሌላ ፈጣሪ ግኝቱ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ወደ ሃያ ዓመት ፈጅቶ በ1934 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለደ ፎረስት ፈረደ። አርምስትሮንግ የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር ቀደም ሲል የሸለመውን ሜዳሊያ ልመልስ ቢል ማኅበሩ እምቢ አለው። ባልደረቦቹ የሥራውን ባለቤት ያውቁ ነበርና።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር በፓሪስ ሲያገለግል፣ በ1918 ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን መቀበያ ፈጠረ። በመቀበያው ውስጥ ያለ ትንሽ ኦሲሌተር የሚመጣውን ሞገድ ለማጉላት ወደሚመች አንድ የታወቀ ድግግሞሽ ይለውጠዋል። በዚህና በሌሎች ፈጠራዎቹ ሀብታም ሆነ። በ1923ም ማሪዮን ማኪኒስን አገባ፤ እርሷም አር ሲ ኤ የተባለው ኩባንያ ሹም የዴቪድ ሳርኖፍ ጸሐፊ ነበረች።

ቀጥሎ የያዘው ጫጫታን ማጥፋት ነው። መብረቅና የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሚረብሹት በይበልጥ የሞገዱን ጉልበት ነው። የዚያን ጊዜው ሬዲዮ ድምፁን የሚጭነው በዚሁ ጉልበት ላይ ስለ ነበር ጫጫታው አብሮ ይገባል። አርምስትሮንግ ነገሩን ገለበጠው፤ ጉልበቱ ሳይለዋወጥ የውዝዋዜው ፍጥነት ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ ይበል አለ። ሌሎች ሊቃውንት ይህን በጠባብ መስመር መርምረው ጥቅም የለውም ብለው ነበር፤ እሱ ግን መስመሩን አሰፋው። ታዲያ ችግሩ ኦሲሌተሩን እንዳሻህ ተወዛወዝ ቢሉት ከተመደበለት ቦታ ይሸሻል። ስለዚህ ፍጥነቱን በኳርትዝ ክሪስታል አጽንቶ፣ ከዚያ በኋላ በድምፁ ጥቂት ብቻ አነቃነቀውና ያንን ጥቂት መነቃነቅ በሺህ እጥፍ አባዛው። መቀበያውም የጉልበቱን መለዋወጥ ቆርጦ ይጥላል። ይህ ነው ኤፍ ኤም የሚባለው፤ መብቱም ዲሴምበር 26 ቀን 1933 ተሰጠው። ኖቬምበር 5 ቀን 1935 ዮንከርስ ካለው የወዳጁ ቤት አሰራጭቶ፣ በኒውዮርክ ለተሰበሰቡት መሐንዲሶች ውሃ ሲቀዳና ወረቀት ሲቀደድ አሰማቸው።

ሆኖም አር ሲ ኤ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን አዞረ። አርምስትሮንግ በራሱ ገንዘብ አልፓይን በተባለ ቦታ 130 ሜትር የሚያህል ማማ አቁሞ ማሰራጨት ጀመረ። በ1940 ኩባንያው አንድ ሚሊዮን ዶላር ቢያቀርብለት፣ እንደ ሌሎቹ በየመሣሪያው ክፈሉኝ ብሎ እምቢ አለ። በ1945 ደግሞ መንግሥት ኤፍ ኤምን ወደ 88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ሲያዛውረው በየቤቱ የነበሩት የቀድሞ መቀበያዎች ዋጋ አጡ። በ1948 አር ሲ ኤን ከሰሰ፤ ክሱ እየተጓተተ ገንዘቡንም ጤናውንም ጨረሰው።

በ1953 መጨረሻ በዚሁ ጭንቀት ከሚስቱ ጋር ተጣላ፤ እርሷም እህቷ ዘንድ ሄደች። ጃንዋሪ 31 ቀን 1954 ሌሊት፣ ብቻውን በነበረበት ቤት ለሚስቱ ደብዳቤ ጽፎ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ዕድሜው 63 ነበር።

ማሪዮን ግን ክሱን አልተወችም። በዚያው ዓመት አር ሲ ኤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ከፍሏት ታረቀ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ተከራክራ የመጨረሻውን፣ ከሞቶሮላ ጋር የነበረውን፣ በ1967 ረታች። የአልፓይኑም ማማ በ2001 የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲወድሙ ለከተማዋ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች መጠለያ ሆነ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የሰውየው እውነት በመጨረሻ ወጥቷል፤ እሱ ግን አላየውም። እኛ እድርተኞች ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የሚቀድመን የለም። በክርክርና በኪሳራ ተይዞ በሩን የዘጋ ጎረቤት ሲኖር ግን ይለፍለት ብለን እናልፋለን። ያን ሰው በቁሙ ሳለ ቡና ጠጡ ብሎ መጥራት፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ መላክ መዋጮ አይጠይቅም። የእድራችን ሥራ ከዚያ ቢጀምር መልካም ነው እላለሁ።