ፋንጂዮ፤ ከመካኒክነት እስከ ዓለም ሻምፒዮንነት

የእሽቅድምድም ኦቶሞቢል በተወሳ ቁጥር ብዙዎቻችን የምናስበው ፍጥነቱን፤ የተመልካቹን ጭብጨባና በአሸናፊው አንገት ላይ የሚውለውን የአበባ ጉንጉን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት በመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ ያደረውን ሰው የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በዛሬው እሑድ የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው የአበባውን ጉንጉንም የመካኒኩን ቱታም የለበሰ ነበር። እርሱም አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የበቃው አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋንጂዮ ጁን 24 ቀን 1911 ዓ.ም. በአርጀንቲና በምትገኘው ባልካርሴ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተወለደ። ቤተሰቦቹ ከኢጣልያ የፈለሱ ድኆች ሲሆኑ፤ አባቱ በግንበኝነትና በቤት ቀለም ቅብ ሥራ ይተዳደር ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ቢገባም ልቡ ከመጽሐፉ ይልቅ ከሞተሩ ዘንድ ስለ ነበረ፤ ገና በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ በጋራዥ ውስጥ የመካኒክ ረዳት ሆነ። የውትድርና ግዴታውን ከፈጸመም በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዚያችው በባልካርሴ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። በ1936 ዓ.ም. አንዲት የፎርድ ታክሲ ለእሽቅድምድም አሰናድቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ። ድል አላገኘም፤ ነገር ግን መንገዱን አገኘ።

በዚያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ የሚደረገው እሽቅድምድም በተስተካከለ ሜዳ ላይ የሚሮጥ አልነበረም። ከአገር ወደ አገር፤ በአቧራና በጭቃ፤ በበረሃና በአንዲስ ተራራ ላይ የሚያቋርጥ ረጅም ጉዞ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ፋንጂዮ በሸቭሮሌ መኪና ከቦነስ አይረስ ተነስቶ እስከ ፔሩ ዋና ከተማ እስከ ሊማ ደርሶ የሚመለሰውን ወደ 9,500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውድድር አሸነፈ። በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ መኪናውን ከአቅሙ በላይ የሚያስጨንቅ ሰው ሩቅ አይሄድም። የሞተሩን ድምፅ እንደ ሐኪም የሚያዳምጥ፤ የተሰበረውንም በመንገድ ዳር በገዛ እጁ የሚጠግን ሰው ብቻ ይደርሳል። ዳሩ ግን ይኸው መንገድ መራራ ትምህርትም ሰጥቶታል። በ1948 ዓ.ም. በፔሩ መኪናው ከመንገድ ወጥታ ስትገለበጥ አብሮት የነበረው ጓደኛው ዳንኤል ኡሩቲያ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ፋንጂዮ እሽቅድምድም የሰው ነፍስ የሚጠፋበት ሥራ መሆኑን የሚዘነጋ ሰው አልነበረም።

ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በፎርሙላ መኪናዎች መወዳደር በጀመረ ጊዜ ዕድሜው ወደ 40 ተቃርቦ ነበር። የፎርሙላ መኪና አንድ ጊዜ ተሠርታ በየሜዳው እንዲሁ የምትነዳ አይደለችም። ለእያንዳንዱ ሜዳ እንደገና ትዘጋጃለች። መንገዱ ቀጥ ያለና ረጅም ከሆነ የማርሾቹ ጥርስ በዚያው መጠን ይለወጣል፤ ጠመዝማዛ ከሆነም ሌላ ይገባል። ካርቡራተሩ የሚያሳልፈው ነዳጅ እንደ አየሩ ሁኔታ ይመጠናል። ሞተሩም ሲሞቅ በአንድ ዓይነት ካንዴላ ይሞቅና ለውድድሩ ሌላ ዓይነት ይገባለታል። ከነዚህ አንዱ ቢሳሳት የነጂው ጀግንነት ብቻውን አያድንም። ለዚህም የ1951 ዓ.ም. የባርሴሎና ውድድር ምስክር ነው። የፌራሪ ሰዎች ለመኪናዎቻቸው አነስ ያለ ጎማ በመምረጣቸው ጎማዎቹ እየተላጡ አስቸገሯቸው። ትልቁን ጎማ በመረጠው በአልፋ ሮሜዮ የሚወዳደረው ፋንጂዮ ግን አሸንፎ በ40 ዓመቱ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት ወሰደ።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ይህ ጠንቃቃ ሰው ራሱ ተሳሳተ። በሰሜን አየርላንድ ተወዳድሮ በማግሥቱ በኢጣልያ በሞንዛ መገኘት ነበረበት። አውሮፕላን ስላመለጠው ከፓሪስ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲነዳ አድሮ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። ዕረፍት ሳያደርግ፤ ልምምድም ሳያደርግ ገባ። ብዙም ሳይሄድ ተገልብጦ አንገቱ ተሰበረ፤ የዓመቱም ውድድር በዚሁ ቀረበት። ለሞተር ዕረፍት የሚሰጠው ሰው ለገዛ ሰውነቱ መስጠቱን ዘንግቶ ነበር። ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ፈተና ለሚገባ ተማሪ ይህ ታሪክ ሩቅ አይመስለንም።

ፋንጂዮ ከመካኒኮቹ ጋር የነበረው ፍቅር በሰፊው የተነገረ ነው። በ1953 ዓ.ም. በሞንዛ ለውድድር የተሰጠችው ማሴራቲ በልምምድ ጊዜ እየተንቀጠቀጠች አስቸገረችው። እርሱም ከሚያገኘው ሽልማት ከመቶ ዐሥር እጁን ለመካኒኮቹ እንደሚያካፍል ቃል ገባላቸው። በውድድሩ ዕለት መኪናው ጸጥ ብላ ሄደች፤ መንቀጥቀጡ ግን በጓደኛው በቦኔቶ መኪና ላይ ተገኘ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ነጂው ድሉን የብቻው አድርጎ አለመቁጠሩ ነው።

በ1954 ዓ.ም. ወደ መርሴዲስ ተዛወረ። መርሴዲስ ጎማዎቿ ሁሉ በቆርቆሮ የተሸፈኑ፤ ነፋስ የምትሰነጥቅ ውብ መኪና አቀረበች። መኪናዋ በፈረንሳይ በሬምስ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ አሸነፈች። ወደ እንግሊዝ ወደ ሲልቨርስቶን ስትሄድ ግን ፋንጂዮ የፊት ጎማዎቹን ለማየት ስላልቻለ በማዕዘኑ ላይ ከተተከሉት በርሜሎች ጋር እየተጋጨ አራተኛ ወጣ። መሐንዲሶቹም ስሕተታቸውን ተቀብለው ጎማዋ የተገለጠ መኪና በፍጥነት አዘጋጁለት፤ በርሷም በጀርመን በኑርቡርግሪንግ ድል አደረገ። በዚያና በተከታዩ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1956ም በፌራሪ አራተኛውን ጨመረ።

ከሁሉ የሚልቀው ሥራው የተፈጸመው ኦገስት 4 ቀን 1957 ዓ.ም. በዚያው በኑርቡርግሪንግ ነው። ሜዳው አንዱ ዙር ወደ 23 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ውድድሩ 22 ዙር ነበር። የፌራሪ ነጂዎች ሆውቶርንና ኮሊንስ ነዳጃቸውን ሞልተው ሳይቆሙ ለመጨረስ አሰቡ። ፋንጂዮ ግን የማሴራቲውን የነዳጅ ማጠራቀሚያ በግማሽ ብቻ አስሞልቶ፤ ለስላሳና መንገድ የሚጨብጥ ጎማ አስገጥሞ፤ በቀላል መኪና ቀድሞ ርቆ በመካከሉ ለመቆም ወሰነ። ዐሥራ ሁለተኛውን ዙር ሲጨርስ ወደ 30 ሰኮንድ ያህል ቀድሞ ቆመ። ነገር ግን ነዳጅ ሲሞላና ጎማ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ባከነ፤ ሲወጣም ከመሪዎቹ በ45 ሰኮንድ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሜዳውን የፍጥነት ሬኮርድ ደጋግሞ ሰበረ። በሃያኛው ዙር ከውድድሩ በፊት ራሱ ካስመዘገበው ጊዜ 8 ሰኮንድ አሻሽሎ በ9 ደቂቃ ከ17.4 ሰኮንድ ዞረ። በሃያ አንደኛው ዙር ሁለቱንም አልፎ በ3.6 ሰኮንድ ቀድሞ ገባ። ዕድሜው 46 ዓመት ነበር፤ አምስተኛው ሻምፒዮንነትም በዚሁ ጸና። ከዚህ በኋላ በዓለም ሻምፒዮና ውድድር አላሸነፈም።

በ1958 ዓ.ም. በሬምስ አራተኛ ወጥቶ ውድድር አቆመ። በዚያ ቀን ይመራ የነበረው ሆውቶርን አንድ ሙሉ ዙር ሊቀድመው ሲቃረብ ለክብሩ ሲል ፍጥነቱን ቀንሶ እንደተወው ይነገራል። ፋንጂዮ በዓለም ሻምፒዮና ከተወዳደረባቸው 51 ውድድሮች 24ቱን አሸንፏል፤ የአምስት ሻምፒዮንነት ሬኮርዱንም እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የበለጠው አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. በተወለደባት በባልካርሴ በስሙ ሙዚየም ተከፈተለት። ጁላይ 17 ቀን 1995 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ አረፈ።

እርሱ የነዳት የማሴራቲ ዓይነት መኪና ዛሬም በሞናኮና በሌሎችም ቦታዎች ለአሮጌ መኪናዎች በሚደረገው እሽቅድምድም ላይ ትሮጣለች። ፋብሪካው መለዋወጫዋን መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ፤ የሚንከባከቧት መካኒኮች የጎደለውን በገዛ እጃቸው ቀርጸው ይሠራሉ፤ ብረቱም ከእርጅና የተነሣ ተሰንጥቆ እንዳይሆን አንድ በአንድ ይመረምራሉ። ያመለጠቻቸው አንዲት ስንጥቅ የሰው ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከእኛ መካከል ዲፕሎማ ከያዘ በኋላ እጁን ዘይት እንዳይነካው የሚጠነቀቅ፤ ጥቁር እጅ ያለውንም ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያይ አይጠፋም። ይህን የሚጽፈውም ሰው ከዩኒቨርሲቲ በወጣ ሰሞን ከዚህ በሽታ ነጻ አልነበረም። ፋንጂዮ በዓለም ሁሉ ፊት የተከበረው የጋራዡን ሥራ ንቆ ስለ ተወ አይደለም፤ ያንኑ ሥራ እስከ መጨረሻው ከፍታ ስላደረሰው ነው። በጠረጴዛ ላይ የምንፈርመውም ወረቀት ቢሆን ብሎኑን ያጠበቀ ሰው አለው። ያን ሰው ማወቅና ማክበር ከእያንዳንዳችን ይጠበቃል።