ዮዲት ላይስተር፦ ስሟን በኮከብ የፈረመች ሰዓሊ

አንድ ሰው ቫዮሊን ይጫወታል፤ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ብርጭቆዋን ከፍ አድርጋ ፈገግ ትላለች። ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘው ይህ ሥዕል ለረጅም ጊዜ የታዋቂው የፍራንስ ሃልስ ሥራ ነው ሲባል ኖሯል። የሣለችው ግን ሴት ናት፤ ስሟም ዮዲት ላይስተር ይባላል። በዚህ እትማችን የእሷን ሕይወት ለእህቶቻችን ልናካፍል ወደድን።

ዮዲት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1609 በሆላንድ፣ ሃርለም ከተማ ተወለደች። ለወላጆቿ ስምንተኛ ልጅ ነበረች። ላይስተር የሚለው መጠሪያ የመጣው ከአባቷ ቢራ መጥመቂያ ስም ሲሆን ትርጉሙ መሪ ኮከብ ማለት ነው። አባቷ ኋላ ከስረው ቤተሰቡ ተቸገረ። እሷ ግን የሥዕል ሙያ ይዛ ነበርና ገና በሃያ ዓመቷ ገደማ ሥራዎቿን በስሟ ፊደላትና በአንዲት ኮከብ ትፈርም ጀመር። የምትሥለው በቤት ውስጥ ሲዘፍኑ፣ ሲጫወቱና ሲዝናኑ የምታያቸውን ሰዎች ነበር።

በ1633 የሃርለም ሰዓሊዎች ማኅበር አባል ሆነች። በዚያ ዘመን ይህ ለሴት ብርቅ ነበር። የራሷን የሥራ ቤት ከፍታ ወንዶች ተማሪዎችን አስተማረች። በ1635 አንድ ተማሪ ጥሏት ወደ ሃልስ ሲሄድ ዝም አላለችም፤ በማኅበሩ ፊት ከሰሰች። የጠየቀችውን ሁሉ ባታገኝም ገንዘብ ተከፈላት፤ ሃልስም ተቀጣ። እሷም ብትሆን ተማሪውን በመዝገብ ባለማስመዝገቧ ከቅጣት አላመለጠችም።

በ1636 ሰዓሊውን ያን ሞሌናርን አገባች። አምስት ልጆች ወለደች፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከጋብቻዋ በኋላ የሣለቻቸው የሚታወቁ ሥራዎች በጣም ጥቂት ናቸው። በ1660 በሃምሳ ዓመቷ አረፈች። ባሏ በ1668 ሲሞት በንብረት ዝርዝሩ ላይ ሥዕሎቿ የሟች ሚስት ሥራ ተብለው ተመዘገቡ፤ ስሟ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ሥራዎቿ ለሃልስ ወይም ለባሏ ተሰጡ።

በ1893 ሆፍስቴደ ደ ግሮት የተባለ የሆላንድ ተመራማሪ ያንን የቫዮሊን ሥዕል ሲመረምር ፊደላቱንና ኮከቧን ለይቶ የማን እንደሆኑ አሳወቀ። ሌሎች ሥራዎቿም ተራ በተራ ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ። ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ራሷን በሣለችበት ሥዕል ላይ ብሩሽ ይዛ፣ ቫዮሊን ተጫዋች እየሣለች ወደ እኛ ዞራ ትታያለች።

እኛስ? በባል ስም የሚሸጥ እንጀራ፣ ማን እንደሠራው የማይነገር ጥልፍ፣ በሌላ ሰው ስም የተከፈተ የቁጠባ ደብተር በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ዮዲትን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያስገኛት ያች ትንሽ ፊርማ ናት። ስለዚህ እህቶች፣ መዝገብ ሲከፈት ስማችንን ራሳችን እናጽፍ፤ በሠራነውም ላይ ምልክታችንን እናኑር።