ዋላስ፣ ወፉና አሊ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወራት የደከምኩበት ጥናት፣ በወቅቱ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት በአለቃዬ ስም ታትሞ ወጣ። እኔ በመጨረሻው ገጽ ላይ ከሚመሰገኑት ሰዎች ተርታ ነበርኩ። ለሳምንታት ስብሰለሰል ከረምኩ። ብሶቴን መስማት የሰለቸው አንድ ወዳጄ ስለ አልፍሬድ ራስል ዋላስ የተጻፈ መጽሐፍ አዋሰኝና አንብቤ ስጨርስ ማማረሩን እንድቀጥል ነገረኝ። ውድ አንባቢያን፣ የዚህን ሰው ነገር ላጫውታችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ዋላስ ጃንዋሪ 8 ቀን 1823 በዌልስ፣ አስክ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ቤተሰቡ ጥሪቱ ተሟጦ ስለነበር ልጁ በ14 ዓመቱ ገደማ ከትምህርት ገበታ ተለየ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በየገጠሩ መሬት እየለካ አደገ። ዕፅዋትን መልቀም የጀመረውም በዚያ ሥራ መሃል ነው።

በ1848 ከጓደኛው ከሄንሪ ዎልተር ቤትስ ጋር ወደ አማዞን ሄደ። ሐሳባቸው ወፍና ነፍሳት እየሰበሰቡ ለሙዚየሞችና ለባለጸጎች በመሸጥ መኖር ነበር። ዋላስ ከአራት ዓመታት በኋላ ሲመለስ መርከቡ መሃል አትላንቲክ ላይ በእሳት ጋየ። የልፋቱ ውጤት አብሮ ነደደ። እሱና መርከበኞቹ 10 ቀናት በጀልባ ሲንገላቱ ቆይተው ሌላ መርከብ አተረፋቸው። ደግነቱ የለንደን ወኪሉ ለንብረቱ የ200 ፓውንድ ኢንሹራንስ ገብቶለት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ባሕር ዳግመኛ አያይም። ዋላስ ግን በ1854 ዛሬ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖርና ኢንዶኔዥያ ወደምንላቸው አገሮች ተሻገረ። በስምንት ዓመት ውስጥ 22 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 125,660 ናሙናዎች ሰበሰበ። የእስያንና የአውስትራሊያን እንስሳት የሚለየውና ዛሬ የዋላስ መስመር የሚባለው ወሰንም የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው።

ዋናው ጉዳይ የተከሰተው በፌብሩዋሪ 1858 ነው። ዋላስ በሞሉካ ደሴቶች ውስጥ፣ ተርናቴና ሃልማሄራ አካባቢ፣ ትኩሳት ጥሎት ተኝቶ ሳለ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። ከሚወለዱት እንስሳት ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ለአካባቢያቸው ይበልጥ የሚስማሙት ይተርፋሉ፤ ትንንሾቹ ልዩነቶች በትውልድ ብዛት ተደማምረው አዲስ ዝርያ ይሆናሉ። ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ጽፎ ለቻርልስ ዳርዊን ላከው።

ዳርዊን ጽሑፉ ሲደርሰው ደነገጠ። እሱም በዚሁ ሐሳብ ላይ 20 ዓመት ሲሠራ ቆይቷል፤ ግን አላሳተመም። ወዳጆቹ ላይልና ሁከር መላ ፈለጉ። ጁላይ 1 ቀን 1858 የሁለቱም ጽሑፍ ለንደን በሊንየስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነበበ፤ የዳርዊን ቀድሞ፣ የዋላስ ተከትሎ። ኒው ጊኒ የነበረውን ዋላስን ፈቃድ የጠየቀው አልነበረም። በዓመቱ የዳርዊን መጽሐፍ ወጣ፤ ንድፈ ሐሳቡም በዳርዊን ስም ተጠራ።

እዚህ ላይ ስደርስ ቁጣ ጠብቄ ነበር። ዜናው በኦክቶበር 1858 ሲደርሰው ግን ዋላስ ተደስቶ ለእናቱ ጻፈና ባቻን ወደምትባለው ደሴት ተሳፈረ። እዚያ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ረዳቱ አሊ ከአደን ሲመለስ አንድ እንግዳ ወፍ ይዞ መጣ። ደረቱ አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። ከሁለቱ ክንፎቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ረዣዥም ነጭ ላባዎች ወጥተዋል፤ ወፉ እንደፈለገ ያቆማቸዋል። ማንም የሳይንስ ሰው ያላወቀው የገነት ወፍ ነበር። በዓለም ላይ ያለው ሃልማሄራን፣ ባቻንንና አጠገባቸው ያሉትን ደሴቶች ይዞ ብቻ ነው። በ1859 የብሪትሽ ሙዚየሙ ጆርጅ ሮበርት ግሬይ በሳይንሳዊ መጠሪያው ላይ የዋላስን ስም ተከለለት።

ዋላስ በ1862 አገሩ ገባ። ቋሚ ሥራ አላገኘም፤ ያጠራቀመውንም በመጥፎ ኢንቨስትመንት አጣ። በ1881 በዓመት 200 ፓውንድ የመንግሥት ጡረታ እንዲቆረጥለት ደጅ የጠናለት ዳርዊን ነው። እሱም በ1889 ስለ ዝግመተ ለውጥ የጻፈውን መጽሐፍ ዳርዊኒዝም ብሎ ሰየመው። ኖቬምበር 7 ቀን 1913 በ90 ዓመቱ አረፈ።

መጽሐፉን ስጨርስ ግን በአእምሮዬ የቀረው አሊ ሆነ። አሊ በ1855 ሳራዋክ ውስጥ የተቀጠረ ማሌይ ወጣት ነው። በማብሰል ጀምሮ ወፍ መምታትንና ቆዳ ገፎ ማድረቅን ተማረ። ከተሰበሰቡት ወፎች አብዛኞቹ የእሱ እጅ ሥራ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ የዘመናችን ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ዋላስ ውለታውን አልካደም፤ ወፉን ያመጣው አሊ መሆኑን በመጽሐፉ ጽፏል። ሲለያዩ ገንዘብና ጠመንጃ ሰጥቶታል፤ ፎቶውንም በ1905 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ውስጥ አውጥቷል። ወፉ ግን የዋላስ ተባለ። በ1907 አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ባርቦር ተርናቴ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘ። ሽማግሌው አሊ ዋላስ ነኝ አለው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ የራሴን ጥናት አወጣሁ። መጠይቁን በየወረዳው ይዞ የዞረልኝ፣ ዝናብና ፀሐይ ያልበገረው አንድ ወጣት ነበር። ለአለቃዬ ባስረከብኩት ረቂቅ ሽፋን ላይ የሰፈረው የእኔ ስም ብቻ ነው። የልጁ ስም በምስጋናው ገጽ ላይ እንኳ አልነበረም። በማግሥቱ ደወልኩለት። ይቅርታ ስጠይቀው ለምን እንደሆነ ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።