ስእለታቸውን ያስገቡ እቴጌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ገንዘብና ስለ ምጽዋት በዐውደ ምሕረት ብዙ ትምህርት ሰምተናል። አሥራት በኵራት ማውጣት እንደሚገባ፣ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራ እጅ ማወቅ እንደሌለበት፣ ድኻውን ያበላ ጌታን እንዳበላ ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ማወቅና ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ትምህርቱን ከመድገም ይልቅ፣ ከሁሉም የከበደ ስጦታ የሰጡ የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ወደድን። እኒህም እናት ግርማዊት እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ትውልዳቸውና ዕድገታቸው

እቴጌ መነን የተወለዱት በወሎ አምባሰል ነው። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ይባላል። በ1903 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑት ከራስ ተፈሪ መኰንን ጋር ተጋቡ፤ ስድስት ልጆችም አፈሩ።

ከልጅነታቸው ጀምሮ በባለጸጋ ቤት ኖሩ ሲባል ሐዘን አያውቁም ማለት አይደለም። በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ሲማረኩ፣ ድል ያደረገው ባለቤታቸው የነበሩበት ወገን ነበር። በአንድ ቀን የባላቸው ወገን ድልና የእናታቸው ወገን ሐዘን በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ተገናኙ። የዚህ ዓለም ክብር በአንድ ጀምበር የሚገለበጥ መሆኑን ገና በወጣትነታቸው በገዛ ቤተ ሰባቸው አይተዋል።

ዘውዱ

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የዘውድ በዓል ሆነ። በቀደመው ልማድ እቴጌይቱ ዘውድ የሚደፉት ከንጉሠ ነገሥቱ በዓል በኋላ በሌላ ቀን፣ በቤተ መንግሥት ነበር። እቴጌ መነን ግን በዚያው ዕለት፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ ከባለቤታቸው ጐን ሆነው ዘውድ ደፉ። እንግዲህ ይህ ዘውድ ለእርሳቸው ወርቅና ዕንቍ ብቻ አልነበረም። ከእርሳቸው በፊት ለነበሩት እቴጌዎች ያልተደረገ ክብር የተደረገላቸው ለመሆኑ ምልክት ነበረ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1924 ዓ.ም.፣ በስማቸው የሚጠራ የሴቶች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ብዙ ሰው የማይዋጥለት ነገር ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 12 ተብሎ የተሰየመው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ደግሞም በዮርዳኖስ ወንዝ አጠገብ ጌታችን በተጠመቀበት ስፍራ የቅድስት ሥላሴን ገዳም አሳነጹ። ከ1959ኙ የእስራኤልና የዐረቦች ጦርነት በኋላ ያ አካባቢ ፈንጂ ተቀብሮበት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው የማይገባበት ሆኖ ቆየ፤ ፈንጂውን የማንሣት ሥራ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሰጪው ስጦታውን ከሰጠ በኋላ የሚደርስበትን እንደማይቈጣጠር ከዚህ እንማራለን። የሰጪው ድርሻ መስጠት ነው፤ የቀረውን የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነው።

ስእለቱ

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሊወር ሲዘጋጅ እቴጌይቱ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር የበላይ ጠባቂ ሆነው፣ ሴቶች ለዘማቹ ልብስ፣ የቍስል ማሠሪያ ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ይሠሩ ነበር። በራዲዮም ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ተማጽነዋል። ነገር ግን ጠላት በረታ፤ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ተለቆ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ሐይፋና ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ።

በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባለው ከተማ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ቤተ ሰቡ ተቀመጠ። ብርዱ ለእቴጌይቱ ጤና አልተስማማም፤ ስለዚህ ወደ ኢየሩሳሌም እየተመላለሱ ቅዱሳት መካናትን ይሳለሙ ነበር። ከነዚህም በአንዱ ጊዜ ጌታ በተወለደባት በቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ተንበርክከው ወደ እመቤታችን ተማጸኑ። አገራቸው ከጠላት እጅ ነጻ ብትወጣ የነገሡበትን ዘውድ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን እንደሚሰጡ ተሳሉ።

ይህን ስእለት ሲሳሉ ምን ነበራቸው? መንግሥት የላቸውም፤ አገር የላቸውም። ወደ አገራቸው መመለሳቸውም እርግጠኛ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስእለት ቀላል ነው ሊባል ይችላል፤ ሰው በጭንቅ ጊዜ የማይሳለው ነገር የለምና። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ጭንቁ ካለፈ በኋላ ነው።

ጭንቁም አለፈ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። እቴጌይቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ። አሁን ማን ያስገድዳቸዋል? ስእለቱን የተሳሉት በባዕድ አገር ነው፤ የሚጠይቃቸው ዳኛ የለም። እንኳንስ መከልከል ማሳበቢያ መፈለግ እንኳ አያስቸግርም ነበር። ዘውዱ የመንግሥት ክብር ነው፣ የኔ ብቻ አይደለም ቢሉ ሁሉም ይቀበላቸው ነበር። ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ አምሳያውን አሠርቶ ወደ ቤተ ልሔም መላክ፣ ዋናውን ማስቀረት ነበር። ለዐይን አንድ ነውና ማን ይለየዋል?

እቴጌ መነን ግን የተገላቢጦሹን አደረጉ። ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጡት እቴጌዎች እንዲሆን አምሳያ ዘውድ ተሠርቶ በአገር ቀረ፤ እርሳቸው የነገሡበት እውነተኛው ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ተላከ። ከዚያም በኋላ በበዓላት ላይ በአነስተኛ የራስ ጌጥ ይታዩ ነበር እንጂ ሙሉ ዘውድ ዳግመኛ አልደፉም። ዋናውን ለእግዚአብሔር፣ አምሳያውን ለዓለም ሰጡ ማለት ነው።

ሁለት ጥያቄዎች

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ጥያቄዎች ሊያነሣ ይችላል፤ ሁለቱም ሊታለፉ አይገባም።

የመጀመሪያው፦ ያን ጊዜ አገሪቱ ከጦርነት የወጣች፣ ወላጅ አልባዎችና ድኾች የበዙባት ነበረች። ዘውዱ ተሽጦ ለእነርሱ ቢሰጥ አይሻልም ነበር ወይ? በቢታንያ ማርያም ውድ ሽቱ በጌታ እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜም ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጠያቂው ግን ለድኾች አስቦ እንዳልነበረ ወንጌላዊው ጽፎልናል። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን ለድኻ ይሰጥ እያለ ለሁለቱም የማይሰጥ ሰው ዛሬም አለ። በተቃራኒው ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አስገብቶ በደጁ የወደቀውን ነዳይ የሚረግጥ አለ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሁለተኛውን አጥብቆ ገሥጿል። እቴጌይቱ ስእለታቸውን ሲያስገቡ ትምህርት ቤቱንና በጎ አድራጎቱን አልተዉም። ስእለት ዕዳ ነው፤ ምጽዋትም ዕዳ ነው፤ አንዱን ከፍሎ ከሌላው ነጻ መውጣት አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። እቴጌይቱ ባለጸጋ ነበሩ፤ ዘውዱን ቢሰጡም ቤተ መንግሥታቸው አልጐደለም። የዚያ ዘመን የመኳንንት ሀብት ደግሞ ከገበሬው ግብርና ከጭሰኛው ላብ የመጣ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ መሸፈንም አያስፈልግም። የትውልድ አገራቸው ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረኃብ ስትመታ እቴጌይቱ ካረፉ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ነገር ግን የባለጸጎች ስጦታ ብቻውን የፍትሕን ቦታ ሊሞላ እንደማይችል ያ ረኃብ ለሁላችን አስተምሯል። ስለዚህ የእቴጌይቱን ታሪክ የምናነበው ሰዎቹን ሁሉ ጻድቃን ለማድረግ አይደለም። ጌታ በመቅደስ በተቀመጠ ጊዜ የስጦታውን ብዛት ሳይሆን የተረፈውን ነገር ተመልክቷል። በዚያ ሚዛን ሁለት ሳንቲም የሰጠችው መበለት ከእቴጌ ትበልጣለች። ለእቴጌይቱ የሚባልላቸው ግን ይህ ነው፤ ካላቸው ነገር ሁሉ ሊተካ የማይችለውን አንዱን ለይተው ሰጡ። ትርፋቸውን ሳይሆን ክብራቸውን ሰጡ።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ዘውድ መስጠት ከሐዘን አላዳናቸውም። እግዚአብሔር የሚሰጡትን በሐዘን አይነካም የሚል ትምህርት ሐሰት ነው። ከወረራው በፊት ልጃቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅ ዐርፈው ነበር። በለንደን የነርስነት ትምህርት ተምረው የተመለሱት ልዕልት ፀሐይ ደግሞ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነጻነት በተገኘ በዓመቱ ዐረፉ። ስማቸውን ለማስታወስ ሆስፒታል ሲሠራ የእንግሊዝ አገር ሰዎች ሳይቀሩ ገንዘብ አዋጥተዋል፤ መዋጮውን ያስተባበሩት የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. የሐረሩ መስፍን ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ። በ1950 ዓ.ም. አካባቢም በስደት የኖሩበት የፌርፊልድ ቤት ለባዝ ከተማ አረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ከንጉሠ ነገሥቱ ተሰጠ፤ የስደት ቤት የሽማግሌዎች ማረፊያ ሆነ። እቴጌ መነን በየካቲት 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ለእኛ ምን ይላል?

ወንድሞችና እኅቶች! እኛ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ወጣቶች ዘውድ የለንም። ያለነው ግን ገንዘብ ብርቱ ንግግር በሚናገርባቸው ከተሞች ነው። ትናንት ጤፍና ገብስ የተዘራበት መሬት ዛሬ በካሬ ሜትር ይነገዳል፤ ፋብሪካው፣ መጋዘኑና ቪላው ጎን ለጎን ቆመዋል። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ጐንበስ ብለው የሚወርዱት እናቶችም በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ከእነርሱ መካከል ከዕለት ሽያጫቸው ላይ ቀንሰው ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ለማየት ኢየሩሳሌም መሄድ አያስፈልገንም።

እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። ፈተና ሲደርስ፣ ሥራ ስንፈልግ፣ እናታችን ስትታመም የተሳልነው ስእለት ስንት ነው? ያስገባነውስ? ጃንጥላ ተስለን ጧፍ ያስገባን፣ ጧፍ ተስለን የረሳን አለን። ለሙዳየ ምጽዋት ከኪሳችን የተቀደደውን ብር እንመርጣለን፤ ለነዳይ የማንለብሰውን ልብስ እንሰጣለን። ይህ አምሳያውን ለእግዚአብሔር ልኮ ዋናውን ለራስ ማስቀረት ነው።

ደግሞ ዋናው ሀብታችን ሁልጊዜ ገንዘብ ላይሆን ይችላል። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ፤ የማያዩ ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። የጌቴሴማኒ ገዳም መነኰሳይያት ወላጅ የሌላቸውን ልጃገረዶች ተቀብለው ያሳደጉት በዚችው በሰበታ ነው። በሱሉልታ በኩል ወደ ደብረ ሊባኖስ በእግሩ የሚጓዝ ምእመን ውኃ የሚሰጠው ይፈልጋል። ገንዘብ የሌለው ጊዜውን፣ ጊዜ የሌለው ገንዘቡን፣ ሁለቱም ያለው ሁለቱንም ይስጥ።

ከሁሉ በፊት ግን የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች እንድንለማመድ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከገቢያችን ላይ፣ የኪስ ገንዘብም ቢሆን፣ አሥራቱን ወጪ ከመጀመራችን በፊት እንለይ፤ ከተረፈ እሰጣለሁ ያለ ሰው አይተርፈውም። ሁለተኛ፣ የምንችለውን ብቻ እንሳል፤ የተሳልነውን ደግሞ ሳንዘገይ እናስገባ። ሦስተኛ፣ ስንሰጥ ከሁለቱ የተሻለውን እንስጥ።

እቴጌ መነን ከዘውድ በታች ቢኖሩም ዘውዱ ከእግዚአብሔር በታች እንዲሆን አደረጉ። እኛም ያለንን ትንሽ ነገር በዚያው ቦታ ማስቀመጥ እንድንችል አምላከ ቅዱሳን ይርዳን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።