ራሱን ለማወቅ ሹመቱን የተወ ሊቅ

ዛሬ ታሪኩን የምናቀርበው አል ገዛሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1058 ዓ.ም. በፋርስ አገር፣ በጡስ ከተማ ተወለደ። የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁዳዊ፣ የእስላም ልጅ እስላም ሆኖ ሲያድግ አይቶ፣ ከአባት የተወረሰ እምነት ብቻውን የእውነት ማስረጃ እንደማይሆን ገና በወጣትነቱ ተገነዘበ።

በ1091 በባግዳድ ኒዛሚያ በተባለው ታላቅ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ተሾመ፤ ስሙም ገነነ። ነገር ግን ልቡን ቢመረምር፣ በጎ ሥራ ይመስለው የነበረው ማስተማሩ ክብርን ፍለጋ ሆኖ አገኘው። ስድስት ወር ያህል ከራሱ ጋር ሲታገል አንደበቱ ተያዘ። በ1095 ለቤተ ሰቡ የሚበቃውን አስቀርቶ ሀብቱን አከፋፈለና ወደ ደማስቆ፣ ወደ ኢየሩሳሌምም ሄደ። እግዚአብሔርን የማወቅ ቁልፍ ራስን ማወቅ መሆኑንም ጻፈ።

በ1106 ወደ ማስተማር ተመለሰ፤ ሥራው ያው ነው፣ ልቡ ግን ሌላ ነበር። በ1111 በተወለደበት ከተማ ዐረፈ። እኛም ወንበር ስንይዝ ለምን እንደምንሠራ ልባችንን እንጠይቅ።