ሩዶልፍ ዲዝል፦ ሦስት ጊዜ የተሠራው ሞተር እና የቸኮለው ገበያ

በየመንደሩ እህል የሚፈጨው ወፍጮ፣ ከወንዝ ውኃ ስቦ ማሳ የሚያጠጣው ሞተር፣ ስንዴና ጤፍ ጭኖ ዳገት የሚወጣው መኪና ብዙዎቹ የአንድ ሰው ሐሳብ ልጆች ናቸው። እኛ ናፍጣ የምንለው ነዳጅ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች የሚጠራው በዚህ ሰው ስም ነው። ስሙ ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል። ዛሬ ከታሪክ ማኅደር የምናወጣው የዚህን ሰው ሕይወት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲዝል መጋቢት 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከጀርመናውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ የመጽሐፍ ጥራዝ ባለሙያ ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ጀርመን ጦርነት በገጠሙ ጊዜ ቤተሰቡ ፓሪስን ለቅቆ ወደ ለንደን ተሰደደ። የ12 ዓመቱ ሩዶልፍም ጀርመን አገር ወደምትገኘው አውግስቡርግ ከተማ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ተላከ። በትምህርቱ ብርቱ ስለነበረ ሙኒክ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1880 በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ።

መምህሩ ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ ማሽን ሊቅ ነበር። ዲዝል ከእርሱ ትምህርት የቀሰመው አንድ ቁም ነገር ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። በዘመኑ ፋብሪካዎችን ያንቀሳቅስ የነበረው የእንፋሎት ሞተር ከሚነድለት ፍም ሥራ ላይ የሚያውለው አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ሙቀት በከንቱ ይባክናል። ደግሞም እንዲህ ያለውን ግዙፍ ማሽን መግዛት የሚችለው ባለጸጋ ብቻ ነው። ዲዝል ትንሹ የእጅ ባለሙያም ከትልቁ ፋብሪካ ጋር ተወዳድሮ የሚኖርበት፣ ነዳጅ የማያባክን ሞተር ለመሥራት ተነሣ።

ሐሳቡ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን እጅግ ከባድ ነበር። አየር በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ሲታመቅ ይግላል። ግለቱ ሲበረታ ነዳጁ ያለ ካንዴላ፣ ያለ እሳት በራሱ ይነድዳል። ዲዝል በ1893 ለዚህ ሐሳብ የባለቤትነት መብት አገኘ። በአውግስቡርግ የነበረው የማሽን ፋብሪካም ሙከራውን እንዲያካሂድ በሩን ከፈተለት።

የመጀመሪያው ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 15 ሳንቲ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 40 ሳንቲ ሜትር ነበር። ነሐሴ 10 ቀን 1893 በተሞከረ ጊዜ ነዳጁ በእመቃ ብቻ ነደደ፤ የግፊት መለኪያው ግን ፈንድቶ ተበታተነ። ሞተሩ በራሱ ኃይል መዞር አልቻለም። ዲዝል ጉድለቱን መረመረ፣ ለወጠ፣ እንደገና አስነሣ። የካቲት 17 ቀን 1894 ያው ሞተር በደቂቃ 88 ዙር እየዞረ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ሠራ።

ሁለተኛው ሞተር ስፋቱ 22 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በ1895 በተለካ ጊዜ ከነዳጁ ሙቀት 16.6 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ። ሦስተኛው 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። ይህን ሞተር አንድ የሙኒክ ፕሮፌሰር በየካቲት 1897፣ የዓድዋ ድል አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መረመረው። ውጤቱም 26.2 በመቶ ሆነ። ዲዝል በመጽሐፉ ካለመው በእጅጉ ያነሰ ቢሆንም በዘመኑ ከነበሩት ሞተሮች ሁሉ የላቀ ነበር። ይህ ድል የተገኘው ሦስቱን ሞተሮች አንዱን ከሌላው እያነጻጸሩ፣ የተሳሳተውን እየጣሉ በተከፈለ የአራት ዓመት ትዕግሥት ነው።

ለሞተሩ የነበረው ትዕግሥት ግን ለገበያው አልነበረም። ከዚህ በኋላ የማምረት መብቱ በብዙ ገንዘብ ተሸጠ፤ አሜሪካዊው ባለጸጋ አዶልፈስ ቡሽ ብቻ አንድ ሚሊዮን ማርክ ከፈለ። ሞተሩ በፈታኝ ሥራ ላይ ሳይጠና ለደንበኞች ቀረበ። ብዙዎቹ ተበላሹ፤ ገዢዎችም መለሷቸው። ዲዝል በጭንቀት ታመመ። ያገኘውን ሀብትም በማያውቀው የቤትና የነዳጅ ጉድጓድ ንግድ ላይ አፍስሶ አጣው።

ሞተሩ ግን እየተሻሻለ ሄደ። በ1900 በፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቶ ታየ። ዲዝልም ገበሬው ከማሳው በሚያገኘው ዘይት ሞተሩን የሚያንቀሳቅስበት ቀን እንደሚመጣ ያምን ነበር። የጭነት መኪና ላይ ለመግጠም ያደረገው ጥረት ግን አልሠመረለትም። ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው በታመቀ አየር ስለነበር ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ለመኪና እጅግ ከባድ ሆነ።

መስከረም 29 ቀን 1913 ዲዝል ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በሚሄደው ድሬስደን በተባለ መርከብ ተሳፈረ። እራቱን በልቶ፣ ጠዋት እንዲቀሰቅሱት አዝዞ ወደ ክፍሉ ገባ። በማግስቱ አልተገኘም። ካፖርቱና ባርኔጣው በመርከቡ ወለል ላይ ተገኙ። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ አስከሬን በባሕር ላይ ታየ፤ ከላዩ የተወሰዱትን ዕቃዎች ያየው ልጁ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ዕድሜው 55 ነበር። የሞቱ ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የባንክ ሒሳቡ ባዶ ሊባል የቀረበ መሆኑ ግን ታውቋል።

ሌሎች ሥራውን ከግብ አደረሱት። የጀርመኑ ኤም ኤ ኤን ኩባንያ በ1924 ያለ አየር መጭመቂያ ነዳጅ የሚረጭ የጭነት መኪና አቀረበ። በ1927 ደግሞ ቦሽ ነዳጁን ለክቶ የሚገፋውን ፖምፓ በብዛት ማምረት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሞተሮች እርስ በርስ የሚለያዩት በሚያስገቡት አየርና በሚቀበሉት ነዳጅ ልክ ነው። በአገራችን ጎዳና ኤንትሬ ተብሎ የታወቀው ፊያት 682 ኤን 3 ለዚህ ምስክር ነው፤ ቀዳሚው ኤን 2 ወደ 10.7 ሊትር የሚጠጋ ሞተር ሲኖረው እርሱ ወደ 11.5 ሊትር አደገ። ሲሊንደሩ ሲሰፋ አየሩ ይበዛል፤ አየሩ ሲበዛ የሚነድደው ነዳጅ ይጨምራል፤ ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል።

ያረጀ ሞተሩን ሊያጎለብት የሚሻ ባለንብረት ከዲዝል ሕይወት የሚማረው ይህን ነው። አየሩን ሳይጨምር ፖምፓውን ብቻ የሚያስከፍት ሰው ጉልበት ሳይሆን ጥቁር ጭስና የተቃጠለ ፒስተን ያተርፋል። ዲዝል በቤተ ሙከራው ይህን ዓይነት ችኮላ አሸንፎት ነበር፤ ከቤተ ሙከራው ውጭ ግን ችኮላው እርሱን አሸነፈው።