ፒንሐስ ሩተንበርግ፣ የመብራቱ መሐንዲስ

የኛ ኤቨን የሁዳ የተቆረቆረችው በ1932 ነው። በዚያው ዓመት፣ የዮርዳኖስና የያርሙክ ወንዞች በሚገናኙበት ናሃራይም በተባለ ስፍራ፣ አንድ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ያሠሩት መሐንዲስ ፒንሐስ ሩተንበርግ ይባላሉ። ዛሬ የመብራት ሂሳብ የምንከፍልበትን ሔቭራት ሐሽማልን የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው።

በ1879 ሮምኒ በምትባል የዩክሬን ከተማ ተወለዱ። በሴንት ፒተርስበርግ የቴክኖሎጂ ተቋም ምሕንድስና ተምረው ፑቲሎቭ በተባለው ትልቅ ፋብሪካ ሠሩ። እዚያም ከአብዮተኞች ጋር ገቡ። በጥር 1905 የዛሩ ወታደሮች በሰልፈኛ ሠራተኞች ላይ ሲተኩሱ ሰልፉን ከሚመሩት ቄስ ጋፖን ጎን ነበሩ፤ ቄሱንም ከሞት አተረፏቸው። በዓመቱ ግን ቄሱ ከፖሊስ ጋር መነጋገራቸው ታወቀ። ሩተንበርግ ከከተማ ውጭ ወዳለ ቤት ወሰዷቸውና እዚያ የተደበቁ ሠራተኞች ሰቀሏቸው። ይህን ዘለው የሚተርኩ አሉ፤ እኔ ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጣሊያን ተሰደዱ። የውሃና የግድብ ሥራን የተካኑት በዚህ ስደት ነው። ቀደም ሲል ሚስት ለማግባት ክርስትና ተነሥተው ነበር፤ ጣሊያን ሳሉ ወደ አይሁድነታቸው ተመለሱ። የዚህን መመለስ ክብደት ለእኛ ማኅበረሰብ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በ1917 ሩሲያ ገብተው በቦልሼቪኮች ታሠሩ። ከእስር ወጥተው በ1919 ወደዚህ አገር መጡና ወንዞቹን ማጥናት ጀመሩ። በ1921 እንግሊዞች ፈቃድ ሰጧቸው። በያፎ የሚኖሩ አረቦች ተቃወሙ። በለንደን ምክር ቤትም ክርክር ተነሣ፤ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ግን ቆሙላቸው። በያርኮን ወንዝ ሊሠሩት ያሰቡት የውሃ ማመንጫ ቀርቶ በ1923 ቴል አቪቭ መብራት ያገኘችው በናፍጣ ሞተር ነው። ሐይፋም በ1925 እንዲሁ በናፍጣ ተከተለች።

ትልቁ ሕልማቸው ናሃራይም ነበር። ያርሙክ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ሩተንበርግ ዮርዳኖስ ከኪኔሬት በሚወጣበት በደጋኒያ በኩል የውሃ መዝጊያ በር አሠሩ፤ ሐይቁ ራሱ ማጠራቀሚያ ሆነላቸው ማለት ነው። ከዚያ የሁለቱ ወንዞች ውሃ በቦይ ተመርቶ 27 ሜትር ያህል ወደታች ይወርድና ተርባይኖቹን ያሽከረክራል። አዲስ አበባ አጠገብ ያለውን የአቃቂውን አባ ሳሙኤል የምታውቁ፣ አሠራሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም። በ1931 ጎርፍ መጥቶ ሥራውን አበላሸው፤ እንደገና ጀመሩት። ሲጠናቀቅ 3 ተርባይኖች፣ 18 ሺህ ኪሎዋት የሚያመነጩ፣ ተተክለው ነበር። ቦታው በዮርዳኖስ ማዶ፣ በአሚር አብደላ ግዛት ስለነበር አሚሩ ራሳቸው በምረቃው ላይ ተገኙ።

አንድ ሰው ይህን ያህል ገንዘብና ድካም ወንዝ ማዶ ማፍሰሱ ትክክል ነበር? በሰላም ጊዜ አዎ። ሩተንበርግ በጥር 1942 ኢየሩሳሌም ውስጥ አርፈው በደብረ ዘይት ተራራ ተቀበሩ። በግንቦት 1948 ጦርነቱ ሲመጣ ናሃራይም ቆመ፤ ከዚያ ወዲህም አልሠራም። አዲሲቱ አገር መብራት ያላጣችው እሳቸው ራሳቸው በሐይፋና በቴል አቪቭ በተከሏቸው፣ በነዳጅ በሚሠሩት ማመንጫዎች ነው።

ዛሬ በአሽቀሎን የባሕር ዳር ያለው ትልቅ ማመንጫ በስማቸው ይጠራል። የተሠራው በድንጋይ ከሰል እንዲሠራ ነበር።